ሁለቱ አጫጭር ሳንቃዎች

ሲድሰል ክሮግ ስትናደድ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ይህን የማያውቅ ሰው ደሴታችን ላይ የለም። ጮኻ የተናገረች ቀን ሰላም ነው፤ ዝግ ብላ፣ ቃሉን እየለቀመች የተናገረች ቀን ግን ለሰሚው ወዮለት! ባሏ ላውስት በሕይወት ሳለ «ሲድሰል በሹክሹክታ ከጠራችኝ ጫማዬን ሳላጠልቅ ነው ከቤት የምወጣው» እያለ ወደብ ላይ ያስቅ ነበር።

ይህን ጠባይ የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ የመርከብ አናጢ ነበር። ግንድ ወድቆበት እግሩ ከተሰበረ በኋላ ትልልቁን መርከብ ትቶ ትንንሹን መሥራት ያዘ፤ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባ፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል። ወንዶች ልጆቹ በየተራ ባሕር ገቡ። እቤት የቀረችው እሷ ብቻ ስለሆነች ሙያው እሷ ላይ አረፈ። «ላስተምርሽ» ብሏት አያውቅም። «ያንን አቀብይኝ፣ ይሄን ያዥልኝ» ሲላት፣ ሲላት፣ አንድ ቀን እጇ ሥራውን ይዞት ተገኘ።

የሥራ ዕቃዋን ያየ ሰው ይስቃል። መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ መላጊያ፣ ጫፏ ተስሎ መሰርሰሪያ የሆነች የሸራ መስፊያ መርፌ፣ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የታሰረች ትንሽ ሞርሳ፣ የተሰበረ የመስኮት መስታወት። በመስታወቱ ስባሪ እንጨት ትፍቅበታለች፤ በእሱ የተፋቀ እንጨት እንደ ታጠበ ጠጠር ይለሰልሳል። ሳንቃዋን በማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ይዛ በእንፋሎቱ ታለዝባታለች፤ ልምጥ ስትል ቶሎ ብላ ከጀልባዋ ጎን ጋር ታጣብቃትና እስክትደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ታስነክሳታለች። በዚህ የተነሳ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንድም መቆንጠጫ አይገኝም ነበር። ሁሉም ጀልባ ነክሶ ይውላል፤ የላውስት ሸሚዝ ደግሞ ነፋስ ወስዶት ጎረቤት አጥር ላይ ይገኛል።

ከሁሉ በላይ ግን አባቷ አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ቸንክሮ ነው የሞተው። የጀልባ ሳንቃ የሚመታው ከውስጥ በቆሙ ጠማማ እንጨቶች ላይ ነው፤ እኛ አጥንት እንላቸዋለን። አንዱ ሳንቃ አልቆ ሌላው የሚቀጠልበት ቦታ መቼም ደካማ ነው። ስለዚህ አንዱ እዚህ አጥንት ላይ ከተቀጠለ፣ ከጎኑ ያለው ራቅ ብሎ ሌላ አጥንት ላይ መቀጠል አለበት። ሁለት ቅጥያ ጎን ለጎን፣ በአንድ አጥንት ላይ? በስመ አብ! እኛ ጋ ሕፃን በሣጥን እንጨት ጀልባ ሲሠራ እንኳ እንዲህ አያደርግም።

ቶርኪል ሙንክ አደረገው።

ቶርኪል የደሴቱ ብቸኛ የጀልባ መጠገኛ ባለቤት ነው። የደብሩ ጉባኤ ሰብሳቢም እሱ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። በዚያ ፀደይ ሥራ በዝቶበት፣ ጀልባው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሰልፎበት፣ ደህናው እንጨት አልቆበት ነበር። የላውስት ጀልባ «እርግቢቱ» ከሥር ቋጥኝ ነክቷት ሁለት ሳንቃ መቀየር ነበረባት። ሲድሰል ቀለም የሚቀባበት ቀን ባሏን ልታግዝ ባልዲዋን ይዛ ወረደች፤ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ገብታ ቀና ስትል ዓይኗን አላመነችም።

«ላውስት፣ ና እስቲ ወዲህ። ይሄን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሁለቱም አንድ አጥንት ላይ ነው ያለቁት እኮ! እንጨቱም እርጥብ ነው፣ ንካው እስቲ።»

«ነገርኩት። ረጅም ሳንቃ የለኝም፣ ለዘንድሮ ይይዝልሃል፣ ክረምት ሲገባ ቀይሬ እሠራልሃለሁ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን ልበለው ሲድሰል? ሌላ የት እወስዳታለሁ? ዓሣው ቁጭ ብሎ አይጠብቀኝም።»

ከሰዓት በኋላ የቶርኪል ሠራተኞች መጡና ስንጥቁን በስቱኮ ደፈኑት፤ ከላዩ ነጭ ቀለም ለቀለቁበት። ሲያዩት እንደ አዲስ ሆነች።

ክረምት ሳይገባ እርግቢቱ ሰመጠች። ያን ዕለት ጠዋት ነፋስ ነበረ፣ እውነት ነው። ግን የወጣው ጀልባ ሁሉ ወጥቶ ተመልሷል። እሷ ብቻ ናት የቀረችው። የላውስትን ሬሳ ባሕሩ መለሰው። አብሮት የነበረው ኤስበን፣ ያ ሳቂታ ጎረምሳ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። «ላውስት ነው ያንን ልጅ የፈጀው። አየሩን እያየ ይዞት ወጣ። ስግብግብ!» ሲድሰል ስለ ሳንቃዎቹ ተናገረች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ላገኘችው ሁሉ ተናገረች። ቶርኪል ራሱን ነቀነቀና «ምስኪን፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» አለ። ሌሎቹ ወንዶች የእንጨት ጫማቸውን አዩ። ምን ይበሉ? እያንዳንዳቸው በሚመጣው ፀደይ ጀልባቸውን ቶርኪል ዘንድ መሳብ አለባቸው። ጀልባዋ ከነማስረጃዋ ባሕር ሥር ተኝታለች። ከባሕር ስለማይወጣ ነገር ማን ይመሰክራል?

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የቦለተን ነው። ቦለተ የኤስበን እናት ናት። ሁለቱ ሴቶች ሃያ ዓመት አንድ ጭስ ቤት ውስጥ እባብ ዓሣ ሲያጨሱ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ስታዝል፣ በአንድ ቢላዋ አጃ ዳቦ ሲቆርሱ የኖሩ ናቸው። ከዚያ መኸር ወዲህ ቦለተ ሲድሰል ሱቅ ከገባች የያዘችውን አስቀምጣ ትወጣለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አብረው ይቀመጡበት የነበረውን አግዳሚ ትታ ከማሞቂያ ምድጃው ወዲያ ማዶ ሄደች። አንድ ቀን ሲድሰል መንገድ ላይ ጠብቃ «ቦለተ፣ እህቴ፣ ስሚኝ» አለቻት። ቦለተ ዞር ሳትል «ያንቺን ባል ቀበርሽ። እኔ ምን ቀበርኩ?» ብላት አለፈች።

ያን ምሽት ሲድሰል አለቀሰች፤ በማግስቱ ግን ተቆጣች። ላውስት የሰው ልጅ ገዳይ ተብሎ፣ ቦለተ ልጇን ማን እንዳሳጣት ሳታውቅ ይቅር? ሞቼ ነው ቆሜ!

አጋጣሚው የመጣው ከጣሪያ ላይ ነው። በእኛ ጠረፍ መርከብ ያልተንጠለጠለባት ቤተ ክርስቲያን የለችም፤ ባለ ብዙ ሸራ፣ መድፏ የተደረደረ፣ አፍንጫዋ ወደ መሠዊያው የዞረ። የእኛዋን ምስጥ በልቷት ኖሮ አንድ እሑድ ስብከቱ መሃል ምሰሶዋ ወደቀና የቶርኪል ሚስት ባርኔጣ ላይ ተተከለ። ሴትዮዋ ምንም አልሆነችም፣ ባርኔጣው ግን አለቀለት። ቄሱ አዲስ ሠሪ ሲያፈላልጉ ሲድሰል ከኋላ ተነሥታ «እኔ እሠራለሁ» አለች።

«ሴት?» አለ አንዱ።

«እጅ፣» አለች ሲድሰል። «በእጅ ነው የሚሠራው።»

ሁለት ክረምት ሠራችው። ጎበጥ ካለ የፖም ቅርንጫፍ አጥንቶቹን አወጣች፤ ተፈጥሮ ያጎበጠው እንጨት ምን ቢሉት አይሰበርም። ሳንቃውን ከደረቀ እንጨት ሰነጠቀች። ገመዱን በሰም አሸችው፤ የፀጉሯን ማስያዣ ቆርጣ መንጠቆ አደረገችው። የሚያስቸግረው ጊዜ ብዙ ነበር። አንድ ጊዜ የግራው ጎን ከቀኙ ወጣ ብሎባት ሙሉውን ነቅላ ጣለችው፤ አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር ብላ ብቻዋን ተሳደበች። ቤቷ ኮላና እንፋሎት ብቻ ሸተተ።

ታዲያ የሠራችው ባለ መድፏን መርከብ አልነበረም። እርግቢቱን ነው የሠራችው። አንድ ምሰሶ፣ አጭር ሸራ፣ መረብ መሳቢያ፣ ከኋላዋ ትንሿ የዴንማርክ ባንዲራ። ሆዷ ደግሞ ያለ ቀለም፣ በዘይት ብቻ ታሽቶ፣ እያንዳንዱ ሳንቃ እስከ ቅጥያው የሚቆጠር። ሁለቱ አጫጭር ሳንቃዎችም በቦታቸው፣ ጎን ለጎን፣ አንድ አጥንት ላይ አልቀዋል። ከጣሪያ የተንጠለጠለ ጀልባ ከታች የሚታየው ሆዱ ብቻ እንደሆነ አስባበታለች። ስብከት ሲረዝም ዓሣ አጥማጅ ወዴት ያያል? ወደ ላይ።

ጉባኤው ሊያይ መጣ። ቄሱ፣ ቶርኪል፣ ሁለት ሽማግሌዎች። ሲድሰል ጨርቁን ገፈፈችው።

«መድፉስ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«ላውስት መድፍ አልነበረውም።»

«ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያን መርከብ እኮ መርከብ ነው፤ ይቺ የዓሣ ጀልባ ናት።»

«ጴጥሮስስ ምን ነበረው?» አለች ሲድሰል። ቄሱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ቶርኪል ዝቅ ብሎ የጀልባዋን ሆድ አየ። ቆየ። ሲነሣ ጆሮው ቀልቷል።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል፣» አላት።

«የት ጋ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም። አንተ አናጢ ነህ፣ ንገረኛ። ጮክ ብለህ ንገረኝ፣ ቄሱም ይስሙ።»

ድምጿ እየወረደ እየወረደ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቶርኪል እንዴት ይናገር? ስህተቱን በስሙ ከጠራው ማን እንደሠራው ሊጠየቅ ነው። ወደ ቄሱ ዞሮ «መርከቦቻችን ቀለም የተቀቡ ናቸው። ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ነጭ። ልማዱ ይኸው ነው። ይቺም ትቀባ» አለ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አነሡ። ልማድ ነዋ!

ክርክር ጠብቀው ነበር። እሷ ግን «እሺ፣ ትቀባ» አለች። «ማን ይቀባታል?»

«የእኔ ሠራተኞች ይመጣሉ፣» አለ ቶርኪል፣ ቀለል ብሎት።

«ይምጡ። ስቱኮም ይዘው ይምጡ። አያያዙን ያውቁበታል።»

እንደ ወጡ በሩን ዘጋች። ከእንግዲህ ስህተቱን በማሳየት ብቻ ልትተወው አላሰበችም። በስለት ሁለቱን ደረቅ አጫጭር ሳንቃዎች ነቅላ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ወደ አጥሯ ወጣች፤ የአኻያ ቅርንጫፍ ቆረጠች፣ ውኃው ገና በቢላዋው ላይ የሚወርድ። እሱን ሰንጥቃ፣ በማንቆርቆሪያው እንፋሎት አልምጣ፣ በነቀለቻቸው ቦታ መታችው። ኮላ አላስነካችውም፤ እርጥብ እንጨት ኮላ አይዝም። ጫፋቸውን በቀጫጭን ምስማር ብቻ ያዝ አደረገችው። እርጥብ ሳንቃ ሲደርቅ ይጠባል፤ ጎብጦ የተመታ ደግሞ ጫፉን ይዞ ይነሣል። እሷ የምታደርገው ቶርኪል ያደረገውን ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ነገር አልጨመረችም።

የቶርኪል ሠራተኞች መጥተው ስቱኮውን ለጠፉ፣ ነጩን ቀለም ሁለት እጅ ደረቡ። «አማረች!» አሏት ሲሄዱ። «እጃችሁ ይባረክ፣» አለቻቸው።

መስከረም መጨረሻ ላይ እርግቢቱ ተሰቀለች። ቄሱ ባረኳት፣ መዝሙር ተዘመረ፣ ቦለተ አልመጣችም። ነጭ ሆድ ብቻ ነው የሚታየው፤ ልሙጥ፣ እንደ እንቁላል። ቶርኪል ከፊተኛው አግዳሚ ሆኖ ቀና ብሎ አየና እግሩን ዘረጋ።

ከዚያማ ምን ሊሆን! ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ዝናብ። እንጨት ለመቆጠብ ብለው ምድጃውን እሳት አይነኩትም፤ ሰው በካፖርቱ ይጸልያል። ሲድሰል በየእሑዱ ቀና ትላለች። ምንም የለም። ኅዳር አለቀ፣ ምንም የለም። አንዳንዴ ተሳስቼ ይሆን ትላለች። ምናልባት ቀለሙ በልጦ ይዟት ይሆናል። ምናልባት ቶርኪል ሁለተኛም ሊያመልጥ ነው። ይህን ስታስብ ጥርሷን ታፋጭ ነበር፤ ሆኖም ለማንም አልተነፈሰችም፣ አንድም እሑድ አልቀረችም።

የገና ዋዜማ ላይ ብርድ ወረደ። ደረቅ፣ ጥርት ያለ ብርድ። ቄሱ ራርተው ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ እንዲነድ አዘዙ፤ ከሰዓት ሰው ሲገባ ብረቱ ቀልቶ ነበር። ደሴቱ በሙሉ መጥቷል፤ ቦለተም ሳትቀር፣ ዓመት በዓል ነውና። የሩዝ ገንፎውን እሳት ላይ ጥለው የመጡ ሴቶች ጸሎቱ ቶሎ ይለቅ እያሉ ይቁነጠነጣሉ። ካፖርት ወለቀ፣ መስኮቱ ላብ አወጣ።

ቄሱ በንባባቸው ገና ከግርግሙ ሳይደርሱ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ግሬገርስ የመዝሙር መጽሐፉ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለበት። ነጭ ፍቅፋቂ። እፍ ብሎ አባረረው። ሌላ ወደቀ። ቀና አለ፤ ከዚያ ወዲያ አንገቱን አልመለሰም። ከጎኑ ያለውም ቀና አለ። ከኋላው ያሉትም። ሲድሰልም አብራቸው ቀና አለች።

የእርግቢቱ ነጭ ሆድ ተሰንጥቋል። ሁለቱ ሳንቃዎች ዙሪያቸውን ጥቁር መስመር አውጥተው፣ እነሆ እዚህ ነን ብለዋል። ጫፍና ጫፋቸው፣ ጎን ለጎን፣ አንድ አጥንት ላይ፣ አፋቸውን ከፍተው ተነሥተዋል። ስቱኮው እየተፈረፈረ ይወርዳል።

ግሬገርስ ጆሮው ስለማይሰማ ሹክሹክታው ጩኸት ነው። «ሁለት ቅጥያ ባንድ አጥንት!» አለ። ቄሱ ንባባቸውን አቋረጡ። «እንዲሁ ነበረች እኮ። ያን ፀደይ ጀልባዬ ከጎኗ ቆማ ነበር። በዓይኔ አይቻታለሁ። የቶርኪል ሰዎች ሲደፍኗትም አይቻለሁ። ምን ቸገረኝ ብዬ ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ!»

ወንዶቹ ዛሬ ጫማቸውን አላዩም፤ ወደ ላይ ነው የሚያዩት። ማየቱን ማን ይከለክላቸዋል?

ቶርኪል ተነሣ። ፊቱ ላይ ላብ ነበረ፣ ድምፁ ግን የሰብሳቢ ድምፅ ነው። «ወገኖቼ፣ እንጨት ነው፣ ሙቀት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። በዓሉን አናበላሽ። በዓሉ ሲያልፍ አወርዳትና ራሴ እጠግናታለሁ።»

ያኔ ከምድጃው ወዲያ ማዶ ቦለተ ቆመች። ደሴቱ ድምጿን ከሰማ ስንት ዘመኑ! ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ተቀመጥ፣ ቶርኪል፣» አለች። «አንተ አንድ ጊዜ ጠግነሃታል።»

ቶርኪል ተቀመጠ። ቦለተ ባርኔጣዋን አስተካክላ በሰው ሁሉ ፊት መሃሉን አቋርጣ መጣች፤ ድሮ አብረው ይቀመጡበት የነበረው አግዳሚ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ሲድሰል ቀና ብላ አየቻት።

«እስቲ ፈቀቅ በይልኝ፣» አለቻት ቦለተ።

ሲድሰል ፈቀቅ አለች።